ለማየት ብቻ የተፈቀደለት

መስከረም 20

ላገባ ነው!

አዎ፣ እኔ! በትክክል ነው ያነበብከው፤ መነጽርህን አታውልቅ። እህትህ፣ ሃምሳ ዓመትን በር ላይ አቁማ «ትንሽ ይጠብቁ» ያለችው ሴትዮ፣ ባል ላገባ ነው። ይኸው ተነፈስኩት። ከጠዋት ጀምሮ ትኩስ እንደ ጎረሰ ሰው አፌን ይዤ ነው የዋልኩት።

አሁን ወደ ሰላምታው። ውድ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሥራህስ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከደስታ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ባለህበት በሰው አገር በጥላው ይጋርድህ፤ የሚያይህ ዓይን ሁሉ የወዳጅ ይሁን።

ማን መሰለህ? ሾፌሩ! የሆስፒታላችን የአምቡላንስ ሾፌር፣ እኛ «አይቸኩሌ» የምንለው። ነግሬህ የለ? ሳይረኑ ሲጮህ እንደ እብድ ይነዳል፤ በሽተኛውን አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ግን ጉንዳን ያሳልፋል። እኔ መቼም ሥራዬ ያው ነው፤ ዋናው በር ላይ፣ በዚያች ትንሽ መስኮት በኩል የጠያቂ ካርድ መስጠት። ማክሰኞ ዕለት ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ቀና ሳልል «ማንን ነው የሚጠይቁት?» እላለሁ። «አንቺን» አለኝ። ቀና ብል እሱ! ከጠያቂው ጋር ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ! ከኋላው የነበረችው ሴትዮ «እሺ በይውና ሰልፉ ይንቀሳቀስ፣ ምግቡ በረደብኝ» አለች። ምን ላድርግ? እሺ አልኩት።

ቀኑ ኅዳር 13፣ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ማዘጋጃ ቤት እንፈርማለን፤ ከዚያ ቤታችን። ምስክር ያስፈልጋል። በእሱ በኩል የጋራዡ መካኒክ አለ። በእኔ በኩል አንተ ነህ። ጎረቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ጎረቤት ሞልቷል። እኔ የምፈልገው አንተን ነው፤ ከእናታችን በኋላ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?

ስልክ ያልደወልኩት ስልክ ላይ «ደህና ነኝ እትዬ» ብለህ ስለምትዘጋው ነው። ኢሜይል ላይ ግን ቢያንስ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ። ገንዘብ እንዳትልክ። ጫማ ላክልኝ፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ቀለሙ አንተ እንደመረጥከው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል እግሬ ያብጣል፤ ሰፋ ያለ ይሁን። ደግሞ የሙሽራ ጫማ ይምሰል፣ የመነኩሲት እንዳታደርገው!

የምትወድህ እህትህ

ጥቅምት 8

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእትዬ፤

ሰላምና ጤና ከነቤትሽ ይብዛልሽ። የጀመርሽውን ነገር ፈጣሪ ባርኮ ያስጨርስሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ብቻዬን ስቄ አጠገቤ የነበረችው ሴት ፈቀቅ አለች። ደስ ብሎኛል፣ እትዬ። ከልቤ ነው የምልሽ። ለሾፌሩ ንገሪው፦ እህቴን ይዞ ሲሄድ ባዶውን እንደሚመለስ ሆኖ ይንዳ።

ስለ መምጣቴ ግን አሁን ቁርጥ ያለ ነገር ልነግርሽ አልችልም። ሥራ ላይ አንድ ነገር ገጥሞኛል። ስለ ሥራዬ ነግሬሽ አላውቅም፤ ስነግርሽም እንዳይሰለችሽ እፈራለሁ፤ ግን መዘግየቴን በክፉ እንዳታዪው ልሞክር።

የእኛ ድርጅት የሌሎች ሰዎችን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድር ነው፤ የክሊኒኮች፣ የሱቆች፣ የትምህርት ቤቶች። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ እንደ ሣጥን ታሽጎ ይቀመጣል፤ ኮንቴነር እንለዋለን። ብዙ ሺህ ናቸው። የትኛው የት ይሥራ፣ የወደቀውን ማን ያንሳው የሚለውን የሚወስን ሌላ ትልቅ ሶፍትዌር አለ። አሰማሪው በይው። ማን ምን እንዲያደርግ እንደተፈቀደለትም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ይኸው አሰማሪ ነው።

እና ባለፈው ወር አንድ ነገር አየሁ። አሰማሪው በር ላይ የሚጠይቀው አንዴ ብቻ ነው፦ ለማየት ነው ወይስ ለመሥራት? «ለማየት» ያለ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን ለማየት በከፈተው በዚያው መስመር ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ዳግመኛ «አንተ ማን ነህ?» የሚለው የለም። የፈለገውን ሣጥን ከፍቶ የፈለገውን ያደርጋል። በኋላ ዱካውን ብትፈልጊ የምታገኚው «አይቶ ሄደ» የሚል ብቻ ነው። የማየት ፈቃድ ደግሞ ማየት ምን ይጎዳል ተብሎ እንደ ከረሜላ ነው የታደለው፤ ለተቆጣጣሪ ፕሮግራሞች፣ ለኮንትራት ሠራተኞች፣ ለሁሉም።

ለሶፍትዌሩ አምራቾች ጽፌያለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ደክሞኛል፣ ሌላ የምለው የለኝም። የጫማ ቁጥርሽ ያው ነው?

ወንድምሽ

ጥቅምት 10

ውድ ወንድሜ፣ ሰላምህ ይብዛ፣ ድካምህ ይቅለል!

ማነው ይሰለቻታል ያለህ? ሁለቴ አነበብኩት። ለአይቸኩሌም ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱ «ኮንቴነር» ሲባል መርከብ ላይ የሚጫነው መስሎት «ወንድምሽ ወደብ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለኝ። አስረዳሁት። እኔ በደንብ ገብቶኛል፤ የኔ መስኮት እኮ ነው! እኔም የምጠይቀው አንዴ ነው። ካርዱን ሰጥቼ ካስገባሁት በኋላ ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?

በዚሁ ሰሞን ምን እንደተፈጠረ ልንገርህ። ከትናንት ወዲያ አንዲት እናት የጠያቂ ካርድ ይዛ ገባች፤ ሳቂታ፣ ምርቃቷ የማያልቅ። ልጇ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ስለነበር ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ ተብሏል። ልጅ ነውና ጠማኝ ብሎ አለቀሰ፤ የእናት አንጀት ምን ይችላል፤ አጠጣችው። ኦፕራሲዮኑ ተሰረዘ። ሐኪሙ ጮኸ፣ ነርሷ ጮኸች፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔ መስኮት ላይ መጣ። «ማነው ያስገባት?» እኔ ነኛ! «ለመጠየቅ ነው» አለችኝ፣ አስገባኋት። አልዋሸችም እኮ፣ ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ይገባኛል። ቢሆንም ሥራ መቼም አያልቅም፣ እህትህ ግን በየዓመቱ አታገባም። ለአለቃህ እንዲህ ብለህ ንገረው። ቁጥሬ ያው ነው፤ ግን አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው። ቀሚሱን ለመስፋት ሰጥቻለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ስትለካኝ «እትዬ፣ ትንፋሽ አይያዝ» አለችኝ። «አልያዝኩም፣ ደስታ ነው የነፋኝ» አልኳት።

ምስክርነቱን አትርሳ። መታወቂያህን ይዘህ ና፤ እዚያ ቢሮ ያለ መታወቂያ እናትህም አታውቅህም።

እህትህ

ኅዳር 2

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። በ13 መምጣት አልችልም። ፈቃድ አልሰጡኝም። እኔን ሳትጠብቁ ፈጽሙት፤ ጫማውን በፖስታ ልኬልሻለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 3

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰላምታ አሳጠርሽ እንዳትለኝ፤ ያንተን ልክ ለክቼ ነው። በድሮው የቴሌግራም ዘመን እንኳ ሰው ከዚህ በላይ ይጽፍ ነበር። ምንድን ነው? አመመህ? ከሥራ አባረሩህ? ወይስ ነገሩ ሌላ ነው?

ሌላ ከሆነ ፊት ለፊት ንገረኝ። ሾፌር መሆኑ ነው? እንዲህ ዓይነት ሰው እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ዕድሜዬ ነው? «በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት» የሚሉ እዚህም አሉ፤ መስኮቴ ላይ መጥተው በፈገግታ ነው የሚሉኝ፣ እኔም በፈገግታ ካርድ እሰጣቸዋለሁ። ከእነሱ አንዱ አንተ ከሆንክ ግን ፈገግታው ከየት ይመጣልኛል? ያንተ ዩኒፎርም ሲታጠብ ሲደርቅ፣ የአንተ ፈተና፣ የአንተ ቪዛ እየተባለ ዓመቱ ሄደ። ቆጥሬብህ አይደለም፣ ፈጣሪ ያውቃል፤ ደስ ብሎኝ ነው ያደረግኩት። አሁን ደግሞ በራሴ ነገር ደስ ሲለኝ አንድ ሰው አብሮኝ እንዲደሰት ነው የምፈልገው።

ቀኑን ወደ ጥር 16 አዛውሬዋለሁ። አይቸኩሌ ምን አለ? «እኔ መቼ ቸኮልኩ?» አለ። ልብስ ሰፊዋ ግን ተቆጥታለች።

የሆስፒታሉ ነገር ብሷል። ከዚያች እናት በኋላ አስተዳደሩ ጠያቂ የሚባል ነገር ጨርሶ ከለከለ። መስኮቴ ክፍት ነው፤ የምሰጠው ካርድ ግን የለኝም። ቀኑን ሙሉ «አይቻልም» ስል እውላለሁ። ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ፎቅ ይጣራል። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፤ ልጃቸው በየቀኑ ትመጣ ነበር። አሁን በር ላይ ቆማ የክፍላቸውን መስኮት መጋረጃ አይታ ትመለሳለች። በጣም ነው የደከመኝ፤ እምቢ ማለት ከመፍቀድ ይልቅ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ጻፍልኝ። ስለ ሠርጉ ባትጽፍም ስለ ሣጥኖችህ ጻፍልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 21

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ጫማው ደረሰ። ልክ ነው፣ ቀለሙም ያምራል፣ የመነኩሲትም አይደለም። ካርቶኑን እስከ ታች በረበርኩት፤ ከወረቀት ፍርፋሪ በቀር አንዲት ቃል የለችበትም። ስልክህ ይጠራል፣ አይነሳም። ከዚህ በፊት ና አልኩህ፤ ከዚያ ስለ ሥራህ ጻፍልኝ አልኩህ። አሁን የምለምንህ «አለሁ» እንድትለኝ ብቻ ነው። ሌላውን ትቼዋለሁ።

እህትህ

ጥር 9

ለእህቴ፣ ለእትዬ፤

ፈጣሪ እድሜና ጤና ይስጥሽ። አለሁ። ይቅር በይኝ።

ስለ ሾፌሩ አንድም ቀን ክፉ አላሰብኩም። ስለ ዕድሜሽም። ዝም ያልኩት በደስታሽ ላይ የእኔን ነገር መዘርገፍ ስላልፈለግኩ ነው። ዝምታዬ ከነገሩ የባሰ መሆኑ የገባኝ ያንን የጫማ ደብዳቤ ሳነብ ነው። እንግዲያው ሁሉንም ልንገርሽ።

አምራቾቹ መለሱልኝ። «ሪፖርትዎን ተመልክተናል፤ ሶፍትዌሩ የሚሠራው እንደታሰበው ነው፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። ይዤው አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «እነሱ ስህተት አይደለም ካሉ እኛ ማን ነን? አንተ ደግሞ በየጥጉ ሌባ ይታይሃል» አለኝ። ሁለተኛ ሄድኩ። ሦስተኛ ሄድኩ። በመጨረሻ እኔን ሲያይ ስልኩን አንስቶ የሚያወራ መምሰል ጀመረ።

የፈለግኩትን ለመንካት የሚያስችል ፈቃድ በእጄ ነበር፣ እትዬ። አንድ ቀን ማንንም ሳላማክር የማየት ፈቃድን ከሁሉም ላይ ገፈፍኩ። የማያይ አይገባም፣ የማይገባ አያበላሽም ብዬ። ቤቴ ሄጄ ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ሣጥኖቹን ቀን ከሌት እያየ «ይህ ወድቋል፣ ያ ታሟል» ብሎ የሚነግረን ተቆጣጣሪ ፕሮግራምም የሚኖረው በማየት ፈቃድ ነው። እሱንም አሳወርኩት። አንድ ነገር ቢበላሽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን የሚልከው ራሱ ያሳወርኩት ተቆጣጣሪ ነው። የአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ሞተ። የእኛ ስክሪን መጨረሻ ያየውን የ«ደህና ነው» አረንጓዴ ቀለም እንደያዘ ቀረ። ሁላችንም አረንጓዴውን እያየን እዚያ ሰው ተሰልፎ ዋለ፤ ማን ከማን በፊት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ቆማ ወደቀች አሉ። ደህና ናት። ግን ወደቀች።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመግቢያ ካርዴን ተቀበሉኝ። በየቀኑ ግን እንድመጣ ይፈልጋሉ፤ ድንገት ጥያቄ ካላቸው ብለው። ስለዚህ ወደ ራሴ መሥሪያ ቤት የምገባው በእንግዳ ካርድ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ስሜን ታውቃለች፣ ልደቴን ታውቃለች፤ ግን ደንብ ነውና በየጠዋቱ «ማንን ፈልገው ነው?» ትለኛለች። አንድ ቀን «ራሴን» አልኳት፤ ልትስቅ ነበር፣ ከዚያ ተወችው። ግድግዳው መስታወት በሆነ ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ጠረጴዛ ፊት እቀመጣለሁ። ጓደኞቼ ያልፋሉ፣ በእጃቸው ሰላም ይሉኛል። የሚሠሩትን አያለሁ፤ አንዳንዴ የሚሳሳቱትንም አያለሁ። መናገር አልተፈቀደልኝም።

ፈቃድ ያልሰጡኝ ለዚህ ነው። መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም። ለጥር 16 አልደርስም። ለእኔ ብለሽ ሌላ ቀን እንዳታዛውሪ፤ ደስታሽን በእኔ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው።

ወንድምሽ

ጥር 10

ወንድሜ! የኔ ሞኝ! የኔ ጌታ!

ሰላምታው ይቆየኝ። መጀመሪያ ልቆጣህ። ይህን ሁሉ ይዘህ እኔ እዚህ «ሾፌር ስለሆነ ነው» እያልኩ ሳለቅስ ከረምኩ! አይቸኩሌን ሁለት ቀን አኮረፍኩት፣ ምንም ሳያደርግ! ጫማውን አጥልቄ ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩበት። ዛሬ ነግሬው «ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» ቢለኝ «ምንም፣ አንተ ቅርብ ስለሆንክ ነው» አልኩት። ስቆ ስቆ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመው።

ቁጣዬ አለቀ። እንደምን አለህልኝ? ያቺ ሴትም በደህና ትገላገል፣ ስሟን ባላውቅም በጸሎቴ አስገብቻታለሁ። ጥፋት የለብህም አልልህም፤ አለብህ። ሳታማክር ነካህ። ግን ሰው እንዲጎዳ ብለህ አልነካህም፤ ይህን የማያውቅ ኮሚቴ ካለ እኔ መጥቼ ልንገረው።

አሁን ሳቅ የሚያስፈልግህ ይመስለኛል፤ የመምህሩን ነገር ልንገርህ። ጠያቂ ከተከለከለ ወዲህ ሽማግሌው ግራ ተጋቡ ተባለ። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ፤ «ያምዎታል?» ሲሏቸው «ሐሙስ ነው» ይላሉ። ዕድሜ ነው፣ አእምሮአቸው እየደከመ ነው ተባለ። ልጃቸው በር ላይ ይህን ስትሰማ «የጆሮ ማዳመጫቸው ባትሪ አልቆ ይሆናል፣ በየሳምንቱ የምቀይርላቸው እኔ ነኝ» አለችኝ። ባትሪውን ተቀብዬ በነርሷ ላኩት። መምህሩ ሰሙ! የሰሙ ዕለት መጀመሪያ ያሉት ምን መሰለህ? «ሰዎች፣ ለምንድን ነው እስካሁን አፋችሁን ብቻ የምታንቀሳቅሱት?»

ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ሁለት ዓይነት ካርድ አሳተመ። ነጩ ለጠያቂ ነው፤ ያያል፣ ያጫውታል፣ ይሄዳል። ቢጫው ለአስታማሚ ነው፤ ያበላል፣ ያጥባል፣ ያስተኛል። ነጭ የያዘ ሰው ኩባያ ሲያነሳ ክፍሉ በር ላይ ያለችው ነርስ ደግማ ትጠይቀዋለች። ሰልፉ እጥፍ ሆነ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ማስረዳት ሆነ ሥራዬ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ይህን የምነግርህ እንድትማርበት አይደለም፣ አንተማ ከእኔ በፊት ታውቀዋለህ። ካንተ ሌላም በሁለት በር መሀል የቆመ ሰው እንዳለ እንድታውቅ ነው።

ቀኑን አንስቼዋለሁ። ወደ ሌላ ቀን አላዛወርኩትም፤ ቀን የለውም። አንተ ካልመጣህ ቀን የለም። አትከራከረኝ። አይቸኩሌ አንድ መስመር ልጨምር ብሏል፣ ይኸው፦ «ወንድሜ፣ ከአየር ማረፊያ የማመጣህ እኔ ነኝ። ሳይረን የለም፤ እንቅልፍህን እየተኛህ ትደርሳለህ።»

እህትህ

መጋቢት 18

ለእህቴ፣ ለእትዬ፤ ሰላም ከቤትሽ አይጥፋ።

አለቀ።

ነገሩን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። በሌላ አገር ያሉ፣ የማንተዋወቅ ሰዎችም ያንኑ አይተው ጽፈው ኖሯል፤ እነሱም «እንደታሰበው ነው» ተብለዋል። በመጨረሻ የሶፍትዌሩ አምራቾች ፈቃዱን ለሁለት ከፈሉት። ለማየት የገባ ትእዛዝ ልስጥ ሲል አሰማሪው ዳግመኛ ያቆመዋል። የአንቺን ነጭና ቢጫ ካርድ አስታወሰኝ። ስህተት ነበር አላሉም። «ማሻሻያ» ነው ያሉት።

ኮሚቴውም ወሰነ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። አለቃዬ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አንሸራቶ መለሰልኝና «በል ወደ ሥራህ» አለኝ፤ ምሳ በልቼ የተመለስኩ ያህል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ቆየሁ። መንካት ፈራሁ፣ እትዬ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «ሂድ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ» አለችኝ። ተነስቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሰጡኝ።

እመጣለሁ። ግን የምለምንሽ ነገር አለ። ምስክርነቱን ለጎረቤት ስጪው። በዚህ ሰሞን በየገጹ ስፈርም ነው የከረምኩት፤ ብዕር ሳይ ይደክመኛል። ደግሞም ነገር ነክቼ ነገር ማበላሸት ይበቃኛል። አንድ ጥግ ላይ ወንበር ስጪኝ፤ ስትስቂ ልይሽ። ለማየት ብቻ ነው የምመጣው።

ወንድምሽ

መጋቢት 19

ይመጣል! ወንድሜ ይመጣል! ለመስኮቱ ሰልፍ ሁሉ ተናገርኩ። ነጭ የያዘውም ቢጫ የያዘውም አጨበጨበልኝ፤ መምህሩ ከፎቅ በመስኮት «ምንድን ነው?» ብለው ጮኹ፤ «ወንድሟ ሊመጣ ነው!» አሏቸው፤ «ሰምቻለሁ!» አሉ።

ውድ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ያወጣህ፣ ያሳረፈህ ይመስገን። ለዚያች «እጠብቅልሃለሁ» ላለችህ ልጅ ከእኔ ምርቃት አድርስልኝ፤ ትዳር ይስጣት፣ ካላትም ያጽናላት።

አሁን ወደ ልመናህ። የለም፣ አይሆንም። ወንበር እሰጥሃለሁ፣ ለስላሳ ወንበር። እንቅልፍ እሰጥሃለሁ፤ አልጋህን አንጥፌ ጨርሻለሁ፣ ማንም ምንም እንዳይጠይቅህ ለጎረቤቱ ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። ስለ ሥራ የሚያወራህ ካለ አይቸኩሌ ጭኖ ይወስደዋል። ለማየት ብቻ የሚለውን ግን አልቀበልም። ዕድሜዬን በር ላይ ቆሜ ማን ለምን እንደሚገባ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንተን ካርድ እኔ ነኝ የምሰጠው፣ ነጭ አይደለም።

መንካት ፈራሁ ትላለህ። እሺ፣ ፍራ። ብዕሩን አብሬህ እይዘዋለሁ፤ ስምህን ስትጽፍ መጀመሪያ ያስተማርኩህም እንደዚያ ነው፣ እጅህን በእጄ ይዤ። ያኔ ወረቀቱን ቀደድከው፣ ሌላ አመጣን። ማዘጋጃ ቤትም ወረቀት አያልቅበትም። ብታበላሸው ምን ይሆናል? እንደገና እናገባለን! አይቸኩሌ ግድ የለውም።

ጫማውን እስካሁን ከቤት ውጭ አላደረግኩትም፤ ቤት ውስጥ እየዞርኩ አለማምጄዋለሁ። ቀሚሱ ሁለቴ ጠቦ ሁለቴ ሰፍቷል። ልብስ ሰፊዋ «ከእንግዲህ ቀን ብታዛውሪ ራስሽ ስፊው» ብላኛለች፤ ስለዚህ ይህ ቀን ለማንም፣ ለኮሚቴም፣ ለአለቃም አይንቀሳቀስም። ለአጎቶቻችን ልጆች ጥሪውን ልኬላቸዋለሁ፤ ለመካኒኩ፣ ለነርሶቹ፣ ለዚያች ምግቡ ለበረደባት ሴትዮ ሳይቀር ነግሬያለሁ፤ ያኔ «እሺ በይው» ብላ የገፋችኝ እሷ ናትና ከፊት ነው የምትቀመጠው። መምህሩም ከነባትሪያቸው ይመጣሉ። አለቃህ ልምጣ ካለ ይምጣ፤ እሱን በነጭ ካርድ አስገባዋለሁ።

አንተ መታወቂያህን ያዝ። ብዕሩ እኔ ጋ አለ።

ጥሪው ይኸው፦ ግንቦት 15፣ ቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ቤታችን። ሁላችሁም።